ለየብርጓል የታጨደ ጤፍ

ልብስ ሰፊው ታረቀኝ በሕይወቱ አንድም ቀን ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ አያውቅም። አጭር ነው፤ ከስፌት መኪናው ጀርባ ሲቀመጥ በደጅ የሚያልፍ ሰው መኪናዋ ብቻዋን የምትሰፋ ይመስለዋል። እንዲያም ሆኖ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ወሬ ከተነሳ አብሮ የሚነሳው የሱ ስም ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ተቀጥሮ የስፖርት ማልያ ይሰፋ ነበር። አንድ ቀን የሰፋውን ሊያስረክብ ሄዶ የሴቶች ጨዋታ አየ። አስረክቦ መመለስ ሲገባው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተገትሮ ቀረ፤ በዚያው ከሥራው ተባረረ። አገሩ ሲገባ ይዞት የመጣው አንድ ኳስና ያን ድንጋጤ ብቻ ነበር።

“ሰው ወደ ላይ እያየ ሲጫወት አይቼ አላውቅም ነበር” ይላል እስከ ዛሬ። “እኛ አገር ወደ ላይ የሚያየው የሚጸልይና ዝናብ የሚጠብቅ ብቻ ነው።”

ቡድኑን “የጮቄ ንፋስ” ብሎ ሰየመው። ተጫዋቾቹ አንዲት ነርስ፣ ሁለት መምህራት፣ አንዲት የባጃጅ ሹፌር፣ የቀሩት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ማልያቸውን የሚሰፋው ከተማሪዎች የደንብ ልብስ በተረፈ ጨርቅ ስለሆነ፣ ሜዳ ሲገቡ እጅጌው የተቆረጠበት የጠዋት ሰልፍ ይመስላሉ። ተጋጣሚዎቻቸው “ሰልፈኞቹ መጡ!” እያሉ ይስቁባቸዋል። ሳቁ ግን የብርጓል ኳስ እስክትይዝ ድረስ ነው።

የብርጓልን ያገኛት ታረቀኝ ነው። ደምበጫ ገበያ የተሰፋ ልብስ ሊሸጥ በሚኒባስ ሲሄድ፣ ከመንገዱ ዳር አውድማ ላይ ነዶ ሲከመር አየ። አንድ ሰው ክምሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀበላል፤ አንዲት ረጅም ልጅ ከታች ትወረውራለች። ነዶው ከእጇ ይወጣና አየር ላይ አንዴ ይዞራል፤ ከዚያ እንደለመደች ርግብ ሰውዬው እቅፍ ውስጥ ያርፋል። ታረቀኝ “ወራጅ አለ!” ብሎ የጮኸው ጩኸት ረዳቱን ሳይቀር አስደነገጠው። ወርዶ ስሟን ጠየቃት። በኋላ እሷ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት ለመማር ማርቆስ ስትመጣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሳይለካት የሰፋው ማልያ በክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ልክክ አለላት።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት የሆነው ይህ ነው። የብርጓል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለመመረቅ የቀራት ይኸው ዓመት ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ባሕር ዳር የክልሉ ውድድር አለ። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ አይቷት ኖሮ ደመወዝና ማደሪያ እሰጣለሁ ብሎ ሰው ላከ። አባቷ የሺዋስ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ለአጨዳ ወደ ቤት ይጠራታል፤ ወንድሞቿ አንዱ ሹፌር ሆኖ፣ አንዱ ሚስት አግብቶ ርቀው ሄደዋልና የቀረችው እሷ ናት። አሁን “ለአዲስ አበባው ክለብ እሰጣታለሁ፤ በደመወዟ አጫጅ እቀጥራለሁ” ማለቱ ተሰማ።

ታረቀኝ መርፌውን አስቀምጦ ኮሚቴውን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ እሱ፣ አምበሏ ነርስ ማርቲና ገንዘብ ያዡ ጌቾ። ጌቾ ባንክ ይሠራል፤ ሳጥን ሲዘጋ ቁልፉን ሦስት ጊዜ የሚያዞር ሰው ነው።

“ማርቆስ እንድትቀር የተጠየቅነውን ሁሉ እንከፍላለን” አለ ታረቀኝ።

“ጋሼ፣ አንዲት ልጅ እኮ ናት!” አለ ጌቾ። “ነገ ቁርጭምጭሚቷ ቢዞርስ?”

“ያንተም ይዞራል። ባንኩ ለዚህ ብሎ ደመወዝህን ይዞብህ ያውቃል?”

“ያለንን ሁሉ ለእሷ ካፈሰስን ሌሎቹ በምን ይጫወታሉ? ጫማ የሌላት አለች።”

ማርቲ ሳቀች። “ጫማ የሌለኝ እኔ ነኝ፤ በስም ጥራኝ። እሷ ካለች በነጠላ ጫማም እሮጣለሁ። እሷ ከሌለች ግን ባለ ጫማ ሆኜ ኳሱን የማቀብለው ለማን ነው? ላንተ?”

ጌቾ ነገሩ ባይዋጥለትም ሳጥኑን ታቅፎ ከታረቀኝ ጋር ወደ ደምበጫ ሄደ።

የሺዋስ በደንብ ተቀበላቸው። ቁመናው ልጁ የማንን እንደወረሰች ይናገራል፤ የታረቀኝን እጅ ሲጨብጥ ከጉድጓድ ሰው የሚያወጣ ይመስል ነበር። ጌቾ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ ሲያደላድል አየውና እጁን አወዛወዘ።

“ገንዘብ ከሆነ ያመጣችሁት ይቀመጥ። ያም ካዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ ገንዘብ ነው የሚያወራኝ። ጤፌ ደርሷል። አጫጅ እቀጥራለሁ ስል የሚቀጠር ሰው ከወዴት ይምጣ? ወጣቱ ሁሉ ሄዷል። ብሩን ማሳው ላይ ብበትነው ያጭድልኛል?”

“ታዲያ ምን እንስጥዎት፣ ጋሽ የሺዋስ?” አለ ታረቀኝ።

“ሰው ነዋ! ልጄ እናንተ ዘንድ በዋለች ቀን ምትኳ እኔ ዘንድ ይዋል። ወንፈል ይሁን።”

ወንፈል ቀን በቀን ነው። ዛሬ የኔን ያጨድክልኝ እንደሆነ ነገ ያንተን አጭዳለሁ። በገንዘብ አይመነዘርም፤ ተወው፣ ይቅር የሚባል ነገርም የለበትም። ምሳውና ጠላው ግን የባለማሳው ነው።

ሲመለሱ ጌቾ ደስታው ፊቱን ሞልቶት ነበር። ሳጥኑ እንደተቆለፈ መመለሱ ነው። “እንዴት ያለ ርካሽ ነገር ነው፣ ጋሼ! አንድ ጎረምሳ መላክ ነው፤ በቃ።”

“አንድ አይደለም። ሁላችንም ነን የምንሄደው።”

“ሰውዬው የጠየቀው አንድ ነው!”

“የጠየቀውን ብቻ ከከፈልነው፣ ነገ ያኛው ሲጨምርለት ልጅቷ ትሄዳለች። ስለዚህ ከጠየቀው በላይ ነው የምከፍለው። አብዝቼ፣ አትረፍርፌ፣ እስኪያመው ድረስ!”

ጌቾ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ አየ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ምሳውና ጠላው የማን እንደሆነ ትዝ ሲለው፣ ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ መሳቅ ጀመረ።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ለከተማ ሰው የሚመቸው ቅዳሜ ነው፤ በዚያ አገር ግን ቅዳሜ ሰንበት ነውና ማጭድ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ መምህራቱ ክፍለ ጊዜ ተቀያየሩ፤ ማርቲ የሌሊት ተረኛ ሆና ቀኑን አስለቀቀች፤ ጌቾ ለባንኩ “የቤተሰብ ጉዳይ” ብሎ ፈቃድ ወሰደ። የታረቀኝ ሱቅ ጎረቤት የሆንኩት እኔም ማጭድ ተውሼ ከኋለኛው ወንበር ተሳፈርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው የሺዋስ ደጅ ላይ ፈሰሰ። ጤዛው ገና አልረገፈም። የጤፉ ማሳ ንፋስ ሲነካው አንድ ትልቅ እንስሳ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቆርጦ ይበላዋል ብሎ ማሰብ እንኳ ገረመኝ። የሺዋስ ከቤቱ ወጥቶ አየን። እንደገና አየን።

“ታረቀኝ፣ እኔ አንድ ነበር ያልኩህ።”

“ለእርስዎማ አንድ ሰው መላክ ነውር ነው፣ ጋሽ የሺዋስ! ምን ያህል እንደምናከብርዎት ይወቁልን ብለን ነው።”

ሰውዬው ምን ይበል? የመጣን ሰው ተመለስ አይባልም። ሚስቱ ወይዘሮ የኔዓለም ከደጃፉ ብቅ ብላ በዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ቆጠረችን፤ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ወዲያው የበግ ድምፅ ሰማን፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መሰማቱን አቆመ።

አጨዳው እንደፈራሁት አልነበረም። ብዙዎቹ ልጆች ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸው። ያስደነቀኝ ጌቾ ነው፤ ሸሚዙን አውልቆ ግንባር ቀደም ገባ፣ እየዘፈነ ያጭድ ጀመር። ታረቀኝ ከማሳው ዳር እየሮጠ እንደ ጨዋታ ቀን ይጮሃል።

“ግራውን ዝጊ! ማርቲ፣ ከኋላሽ ክፍት ነው! የብርጓል፣ አቀብያቸው!”

“ጋሼ፣ ጤፍ እኮ ነው!” አለች የብርጓል። “አይሮጥም!”

እሷ ነዶ ወርዋሪ ነበረች። ታረቀኝ አፉን ከፍቶ የሚያያትን አየሁ፤ መጀመሪያ በሚኒባስ መስኮት ያያትን ልጅ ነበር የሚያየው።

ስንበላ የሺዋስ ቆሞ ነው ያስተናገደን። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስትበላ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። አጭዳ ስትበላ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እንጀራው መሶቡ ላይ ሳያርፍ አለቀ ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሺዋስ “ብሉ፣ ጠጡ፣ ምን ሆናችኋል?” ይላል፤ ያን ባለ ቁጥር ሚስቱ ከጓዳ ታስላለች።

በማግስቱ ደጋፊዎቹ ተጨመሩ። ባጃጅ ነጂዎች፣ የማርቲ አክስት፣ ታረቀኝ የሠርግ ሱሪ የሰፋላቸው ሁለት ሙሽሮች። ጾም ቀን ስለነበር በጉ ተረፈ፤ ሽሮው ግን አልተረፈም። ሐሙስ ዕለት ጤፉ አልቆ ስንዴው ተጀመረ፤ የቤቱ ጠላ አልቆ የጎረቤቱ ተጀመረ። ወደ ማታ ወይዘሮ የኔዓለም ታረቀኝን ከግንቡ ጥግ ያዘችው።

“አንተ ልብስ ሰፊ!” አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ነገም የምትመጡ ከሆነ ጋኑን ይዛችሁ ኑ። እኔ ሰርግ ልደግስ የነበረው ለልጄ ነው፤ አሁን ልጄ ሳታገባ ድግሱ አልቋል።”

“ጋሽ የሺዋስ ይብቃችሁ ካሉን እንቀራለን፣ እሜቴ።”

“እሱ? እሱማ ይበቃል ከሚል ቤቱን ቢሸጥ ይመርጣል! ይህን አውቀህ አይደል የምታደርገው?”

ታረቀኝ መሬት መሬት አየ። ፈገግታውን ለመደበቅ ነው።

አርብ ስንዴው ሊያልቅ ሲል አንድ ነጭ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ ማሳው ታጠፈ። የአዲስ አበባው ክለብ ሰው ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ሠርግ የደረሰ መስሎት ኮቱን አስተካክሎ ወረደ። የሺዋስን ለብቻው ጠርቶ፣ ክለቡ ደመወዙን እንደጨመረ፣ የብርጓልን በዚያው ሳምንት ይዞ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረው።

“አይሆንም” አለ የሺዋስ። ድምፁ ደክሟል። “ዕዳ አለብኝ።”

“የገንዘብ ዕዳ ከሆነ ችግር የለም፣ አባቴ፤ ክለቡ ይከፍላል።”

“የወንፈል ነው። ያን ሁሉ ሰው አየኸው? የሁሉም ቀን በኔ ላይ ነው። ልጄን ይዘህ ብትሄድ ማን ይከፍላል?”

“ስንት ቢሆን ነው? በገንዘብ አስልተን…”

“ወንፈል በገንዘብ አይከፈልም። መክፈል ከፈለግህ ኮትህን አውልቅ።”

ሰውዬው ጫማውን አየ፤ ቃርሚያውን አየ። ከዚያ “በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን” ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ከስንዴው መሃል የተነሳውን ጭብጨባ የባሕር ዳር ስታዲየም ሰምቶት አያውቅም። ጌቾ ታረቀኝን በትከሻው ተሸክሞት ማሳውን ዞረ። ነገሩ ያለቀ መሰለን፤ የብርጓል ብቻ አላጨበጨበችም። ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የታረቀኝ ሱቅ በር ጨለመ። ቀና ቢል የሺዋስ ነው፤ በሩን ሞልቶታል። ጋቢ ለብሷል፣ ስንቁን በአቁማዳ አንጠልጥሏል።

“ምነው ጋሽ የሺዋስ? በደህና ነው?”

“ወንፈሌን ልከፍል ነው የመጣሁት። ሥራው የታለ?”

መርፌው የታረቀኝ ጣት ላይ ተሰካ። “አይ፣ አይ… እርስዎማ ምን በወጣዎት! የብርጓል ባሕር ዳር ላይ ስትጫወትልን ይከፈላል እኮ።”

“ያጨዳችሁት የኔን ማሳ ነው። ዕዳው የኔ ነው። ልጄን በዕዳ አላስይዝም” አለና አቁማዳውን ከስፌት መኪናው አጠገብ አኖረ። “እንዳማረህ አድርገኸኝ ነበር፣ አንተ ሰው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ነው የገባኝ። ገብቶኝ ብቻዬን ስቄያለሁ። ግን ዕዳ ዕዳ ነው።”

የሚሠራው ሥራ ባይኖርም ሠራ። የወጣት ማዕከሉ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይቋጥራል፤ ዙሪያውን ቦይ ቀደደለት። ድንጋይ ለቀመ፣ ሣር አጨደ። ልምምድ ሲሆን ከሜዳ የሚወጣውን ኳስ እየያዘ ይመልሳል፤ መጀመሪያ እንደ ጥጃ አቅፎ ነበር የሚያመጣው፣ በሦስተኛው ቀን መወርወር ጀመረ። ልጁ ኳሷን ሰቅላ ስታስገባ ዞር ብሎ አይቶ፣ “ይህችን ነው ነዶ ሳስወረውር የኖርኩት?” ሲል ሰማሁት፤ ማንንም አልነበረም የሚያናግረው።

ታረቀኝ ግን ፊቱ ከቀን ወደ ቀን ጠቆረ። አባትየው በቦይ በቦይ ዕዳውን ሲያቀል፣ ልጅቷን የሚይዛት ነገር እየቀለለ መሄዱ ነው። ጌቾ “ሥራ እንከልክለው” አለው። እንዴት ተደርጎ! ሲከለከል በሌሊት እየተነሳ ይቆፍራል።

የሺዋስ ጨርሶ በተሰናበተ ዕለት የብርጓል ሱቁ መጣች። የደንበኞች መቀመጫ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ሆነ።

“ጋሼ፣ አባቴ ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት። የክለቡም ሰው ጠየቀው። እናቴን እንኳ የጋኗን ነገር ሰሟት። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?”

ታረቀኝ የሚሰፋውን ሱሪ ገለበጠው፤ መልሶ ገለበጠው። “እሺ” አለ በመጨረሻ፣ እሱ በማይታወቅበት ትንሽ ድምፅ። “ምን ትፈልጊያለሽ?”

“እስከ ሰኔ እቀመጣለሁ። ልመረቅ። ባሕር ዳርንም እጫወታለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ መሄድ እፈልጋለሁ።”

“ከዚያማ… ከዚያማ ትሄጃለሽ።”

“አልጨረስኩም። እንድቀር ብዙ ለመክፈል ዝግጁ ነዎት አይደል? ዋጋዬ ይሄ ነው። ሰኔ ላይ እርስዎ ራስዎ ይወስዱኛል። ለኔ የሚከራከሩት እርስዎ ነዎት። አባቴን እንዳደረጉት እነሱንም ያድርጉልኝ። እምቢ ካሉኝ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ የሰጡኝን እፈርማለሁ።”

ይህን ለጌቾ ሲነግረው ጌቾ መቀመጫ ፈለገ። “ማለት… እንድትቀር የምንከፍለው፣ እንድትሄድ ዋጋዋን መስቀል ነው?”

“አዎ።”

“ጋሼ፣ ከገንዘብ ሁሉ የከበደ ነው ይሄ።”

“አውቃለሁ!” ብሎ ጮኸበት ታረቀኝ። “ሳጥንህን ይዘህ ሂድልኝ!”

ባሕር ዳር ላይ ዋንጫው በአንዲት ኳስ አመለጠን፤ ስለዚያ ጨዋታ ማርቆስ ውስጥ ሦስት የተለያየ ታሪክ አለ፣ ሦስቱም ዳኛውን ይረግማሉ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የብርጓል ተመረቀች። ታረቀኝ የሙሽራ ሱፉን ከሳጥን አውጥቶ ለበሰ፤ ከእሷ ጎን አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠ። ከደጀን በታች አውቶቡሱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲጠመዘዝ ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል፤ እሱ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚናገረውን ያጠና ነበር አለችኝ።

የቀረውንም የነገረችኝ እሷ ናት። የክለቡ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያው ሰውዬ ታረቀኝን ሲያይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ታረቀኝ ደመወዙን ተከራከረ። ሕክምናውን ተከራከረ። ብትጎዳ ደመወዟ እንዳይቆረጥ አስጻፈ፤ የነርስነት ሥራ ብታገኝ ልምምዱ ከፈረቃዋ ጋር እንዲስማማ አስጻፈ። ኅዳር ላይ ለአጨዳ የዕረፍት ሳምንት ሲል ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“አሁንስ በዛ! እኛ እዚህ ስፖርት ክለብ እንጂ የገበሬ ማኅበር አይደለንም!”

ታረቀኝ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። “የብርጓል፣ ተነሽ። ማርቆስ እንሂድ።”

ተነሳች። ምን ታድርግ? በሩን አልፈው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ታረቀኝ ከፊት ነው፤ ፈጠን ፈጠን ይላል። ይህ ክርክር ይሁን እውነት አላወቀችም። ፊቱን ለማየት ጎንበስ ብትል ጀርባውን ብቻ ነው የምታየው። ሁለተኛው ፎቅ ደረሱ፤ ማንም አልጠራቸውም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገ ይወርድ ጀመር፤ ያን አጭር እግር ይዞ!

“ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!”

“ምን ቀስ አለው? አውቶቡሱ ያመልጠናል!”

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ከላይ በር ተከፈተ፤ ሰውዬው በብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ “እሺ! ኅዳርን ውሰዱ! ተመለሱ!” እያለ ተጣራ።

ታረቀኝ ቆመ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ፤ የብርጓል ያኔ ነው ፊቱን ያየችው። ዝናብ ሲጠብቅ ቆይቶ ጨርቁን አስጥቶ ሳለ ዝናቡ የመጣበት ሰው ይመስል ነበር አለችኝ። ክራቫቱን አቃና።

“ሰምቼሃለሁ!” ብሎ መለሰለት። “አትጩህ፣ እየመጣን ነው!”